ቃለ ጉባኤውን እህታችን ትያዝልን

ሰሞኑን አንድ ዩኒቨርሲቲ ስለ ሀገር በቀል እውቀት ባዘጋጀው ዐውደ ጥናት ላይ ተገኝቼ ነበር። እውቀቱ ሀገር በቀል ይሁን እንጂ ስላይዱ ሁሉ በእንግሊዝኛ ነው። መድረኩ ላይ አምስት ወንዶች ተደርድረዋል፤ ጥግ ላይ አንዲት ወጣት መምህርት። አወያዩ ገና ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ «ቃለ ጉባኤውን እህታችን ትያዝልን፤ የእጅ ጽሑፏ ያምራል» አሉ። የእጅ ጽሑፏን ያየ ሰው የለም። የምትጽፈው በላፕቶፕ ነው።

የእንሰት ተራ ደረሰ። አቅራቢው ፕሮፌሰር የኒውዚላንዷን የማኦሪ ምሁር ሊንዳ ቱሂዋይ ስሚዝን ጠቀሱ። ምሁሯ እ.ኤ.አ. በ1999 ባሳተሙት መጽሐፍ ነባር ሕዝቦች የሚጠኑበትን መንገድ አጥብቀው ተችተዋል። ፕሮፌሰሩም ይህንኑ ተመርኩዘው «የእናቶቻችንን እውቀት እናድምጥ!» አሉን። የገዛ እናታችንን ለመስማት በኒውዚላንድ ዞረን መጣን ማለት ነው። እናቶቹ ታዲያ አልተጠሩም። ኧረ ይቅርታ፣ ተጠርተዋል፤ ለምሳ ቆጮ እንዲያቀርቡ።

በሻይ ሰዓት መምህርቷ አጠገብ ቆምኩ። ሲዳማ ነው ያደገችው። ከእናቷ ጋር እንሰት ስትፍቅ፣ የተፋቀውን ጉድጓድ ውስጥ ስትቀብር ኖራለች። ከእንሰት ዝርያዎች ጌንቲቻውን ከሚዳሾው፣ ሚዳሾውን ከአዶው በቅጠሉና በግንዱ መልክ ትለያለች፤ አጥንቱ ለተሰበረ ሰው አሚቾው የሚቀቀለው የትኛው እንደሆነም ታውቃለች። ይህን ስትነግረኝ እየሳቀች ነው።

«ምነው?» አልኳት።

«ፈረንጆቹ እንሰትን የውሸት ሙዝ ይሉታል አይደል? ፕሮፌሰሩ ያሳዩን ፎቶ ግን የእውነተኛው ሙዝ ነው። ያውም ዘለላው ቢጫ ሆኖ የበሰለ!»

«ታዲያ ለምን አልተናገርሽም?»

«ሁለቴ እጄን አነሣሁ። ሁለቴም ‹ፈጠንንብሽ እንዴ እህቴ?› አሉኝ።»

እውነትም አስታወስኩ፤ እጇ ሲነሣ እኔም ጽሑፉ አምልጧት መስሎኝ ነበር።

በማግስቱ ቃለ ጉባኤው ታትሞ ታደለ። ተራ ቁጥር 4 ላይ «በእንሰት ስም የቀረበው ፎቶ የሙዝ ስለሆነ ይታረም» ይላል። አወያዩ «አስተያየት ያለው?» ብለው ዙሪያውን ቃኙ። ማንም ትንፍሽ አላለም። በሙሉ ድምፅ ጸደቀ፤ ፕሮፌሰሩም ብዕራቸውን አውጥተው ፈረሙበት።