ወደ አማካሪ ለምትሄጂ የቦሌ ለሚ እህቴ

ቦሌ ለሚ ኢንዱስትሪ ፓርክ ልብስ ስትሰፊ የምትውይ እህቴ፣ እንቅልፍ አልወስድሽ ብሎ ወደ ሥነ ልቦና አማካሪ የምትሄጂ ከሆነ የሚከተለውን ምክር በጥሞና አንብቢ።

በመጀመሪያ፣ «እንዴት ነሽ?» ስትባይ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ በጣም ደህና ነኝ» በይ። ደህና ሰው ለምን ቀጠሮ እንደያዘ ማወቅ የባለሙያ ሥራ ነው። የመጀመሪያው ቀን በአብዛኛው በጥያቄ ያልቃል፤ ስለ እንቅልፍሽ፣ ስለ ምግብሽ፣ ስለ ቤተሰብሽ ይጠይቁሻል። ለአገር ቤት ስለምትልኪው ብርና ከጓደኞችሽ ጋር ተጣብበሽ ስለምታድሪበት ክፍል ግን ትንፍሽ አትበይ፤ እሱ ኑሮ ነው፣ ከጭንቀት ጋር ምን አገናኘው?

ቀጥሎ ለአማካሪሽ ታርጌት አስቀምጪላቸው። ላይን ላይ በሰዓት ስንት እጅጌ እንደሚገጠም ይታወቃል፤ እሳቸውም በሃምሳ ደቂቃ ስንት ጭንቀት እንደሚያወጡ ይንገሩሽ። ለውጥ ብዙ ቀጠሮ እንደሚፈልግ፣ የተዳፈነ ነገር ሲነሳም መጀመሪያ ሊብስ እንደሚችል ካስረዱሽ፣ ሱፐርቫይዘራቸውን አስጠሪ።

የቤት ሥራ ቢሰጡሽ፣ ለምሳሌ የሚያስጨንቅሽን ሐሳብ በየቀኑ ጻፊ ቢሉሽ፣ በኦቨርታይም ሒሳብ እንዲከፈልሽ ጠይቂ።

እንባሽ ከመጣ ዋጥ አድርጊው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የቅርብ ዘመድ ሲሞት 3 የሥራ ቀን ፈቃድ ከነክፍያው ይሰጣል፤ ሰው ሳይሞትብሽ ለምታለቅሺው ግን አንቀጽ የለውም።

አማካሪ መድኃኒት አያዝም፤ የሚያዘው የአእምሮ ሐኪም ነው። ስለዚህ አማካሪሽን ክኒን አምጡ ብለሽ ተሟገቺ። ወደ አማኑኤል ሆስፒታል ከጻፉልሽ ደግሞ እንደ ደንቡ ደንግጪ፤ እዚያ የሚገባው ጨርቁን የጣለ ብቻ ነው የሚለውን እምነትሽን አትልቀቂ። ቀኑን ሙሉ ጨርቅ የምትሰፋ ልጅ እንዴት ጨርቅ ጣለች ትባላለች?

«ምስጢርሽ ይጠበቃል» ሲሉሽም አትመኚ። ለራስሽ ወይም ለሌላ ሰው ሕይወት የሚያሰጋ ነገር ካልሆነ በቀር ለማንም አይናገሩም፤ እንዲህ ያለ ዝምተኛ ምን ይረባል? ይልቅ ጉዳይሽን ሰርቪስ ውስጥ አጠገብሽ ለተቀመጠችው ንገሪ፤ ጎሮ ሳትደርሱ ፓርኩ ሁሉ ይሰማልሻል።

ይህን ሁሉ አድርገሽ ካልተሻለሽ፣ ምክር የሚባለው ነገር እንደማይሠራ በተግባር አረጋግጠሻል፤ ለጓደኞችሽም አስጠንቅቂ።