ሞኝና ሸክላ የያዘውን አይለቅም

አባቶቻችን «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ሲሉ ሸክላ ገና አገራችን አልገባም ነበር። ገብቶ ቢሆን ወረቀትን ይተዉት ነበር። ወረቀትን እሳት ይበላዋል፤ አይጥም ይበላዋል። ሸክላ ግን በ1983 (እዚህ ዓመቱ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ነው) ሚላን ውስጥ አንድ ጎረምሳ በተኮላተፈ እንግሊዝኛ የዘፈነውን ዘፈን፣ ዘፋኙ ራሱ ከረሳው፣ አሳታሚው ከከሰረና ዳንስ ቤቱ መጋዘን ከሆነ በኋላም ጥርሱን ነክሶ ይዞ ይቆያል። ሞኙም ሸክላውን እንዲሁ። የተነሣሁት እነዚህን ሁለቱን ያገናኘውን ንግድ ለማመስገን ነው፤ ብርቅዬ የኢታሎ ዲስኮ (የዚያን ዘመን የጣሊያን ዳንስ ሙዚቃ) ሸክላዎችን እንደገና ማሳተም፣ እንደገና መግዛት፣ ከዚያም አለመስማት።

ዘ ሄግ የሚኖር ወዳጅ አለኝ። ከተማዋን ሌላው ሰው በዓለም አቀፍ ፍርድ ቤቷ ያውቃታል፤ ለወዳጄ ግን እንደ ገዳም ናት። ጣሊያኖቹ ራሳቸው በዘፈኑ ማፈር ከጀመሩ በኋላ፣ በ1990ዎቹ መጨረሻ እዚያው ከተማ አይ-ኤፍ የሚባል ዲጄ አሮጌ ሸክላዎችን እያገጣጠመ «ሚክስድ አፕ ኢን ዘ ሄግ» የተባለ ቅንብር አወጣ፤ የተቀበረውም ተነሣ። ወዳጄ ከዚያ ወዲህ ሌላ ነገር አልሠራም ማለት ይቻላል። አዲስ አበባ ላሉት አክስቱ አንድ ቀን በስልክ «ገንዘቤ ሁሉ ሸክላ ላይ አለቀ» ሲላቸው ቤት እየሠራ መስሏቸው ጣራውን ጨምረው መርቀውታል።

ሙዚቃው ለሞኝነት የተመቸ ነው። የሠሩት ጣሊያኖች ናቸው፤ የተዘፈነው በእንግሊዝኛ ነው፤ ስሙን ያወጣለት ደግሞ ጀርመናዊ፣ የዚ-ዋይ-ኤክስ ኩባንያ ባለቤት በርንሃርድ ሚኩልስኪ፣ በ1983 ባወጣው የስብስብ ሸክላ ነው። ዘፋኞቹም የገዛ ስማቸውን ቤት ትተው ነበር ስቱዲዮ የሚገቡት። ፋቢዮ ሮሾሊ ራያን ፓሪስ ሆነ። ጃኒ ኮራይኒ ኬን ላስሎ ተባለ። ከሁሉም የምወደው ግን ዴን ሃሮው ነው። ስሙ ተጽፎ ሲታይ የለንደን ልጅ ይመስላል፤ ቶሎ ቶሎ ሲጠሩት «ዴናሮ» ይሆናል፤ በጣሊያንኛ ገንዘብ ማለት ነው። ቅኔ ነው እንግዲህ፤ ሰሙ ዘፋኝ፣ ወርቁም ያው ወርቅ። መድረክ ላይ ጸጉሩን እያርገበገበ የሚውረገረገው ስቴፋኖ ዛንድሪ የሚባል መልከ መልካም ወጣት ነበር፤ የሚሰማው ድምፅ ደግሞ የሌላ ሰው፣ በታወቁት ዘፈኖቹ ላይ የአሜሪካዊው ቶም ሁከር። አንዱ መልክ አዋጣ፣ አንዱ ጉሮሮ፣ አዘጋጆቹ ስሙን። በማኅበር መሥራትን የሚሰብኩ ሁሉ ይህን ምሳሌ ለምን እንደማይጠቅሱ አይገባኝም።

ሙዚቃው ከንቱ ነበር ብዬ አላማም፤ እሱን ለማለት ጆሮዬ አይፈቅድልኝም። የክላይንና ኤም-ቢ-ኦ «ደርቲ ቶክ» በ1982 ባይወጣ ኖሮ የማንችስተሮቹ ኒው ኦርደር በዓመቱ ያወጡት «ብሉ ማንዴይ» እንደዚያ ባልመታ ነበር፤ ራሳቸውም አልካዱም። ይኸው «ብሉ ማንዴይ» ደግሞ ለሞኝነት ሌላ ሐውልት ነው። ሽፋኑ እንደ ኮምፒዩተር ዲስክ ተቀድዶና ተፈልፍሎ ስለተሠራ ወጪው ከትርፉ በልጦ፣ በተሸጠ ቁጥር አሳታሚውን ያከስረው እንደነበር ይወራል። ታዲያ ምን ሆነ? በዓይነቱ በዓለም ላይ እጅግ ብዙ ከተሸጡት ሸክላዎች አንዱ ሆነላቸው።

የዚህ ሃይማኖት ዋናው ቀኖና አንድ ነው፦ ያልተሸጠ ይከብራል። የራያን ፓሪስ «ዶልቼ ቪታ»ና የጋዜቦ «አይ ላይክ ሾፔን» በ1983 አውሮፓን አጥለቀለቁ፤ ሁለቱም ላይ የፒየርሉዊጂ ጆምቢኒ እጅ አለበት። ዛሬ በየእሑድ ገበያው በሣንቲም ይገኛሉ፤ አንስቶ የሚያያቸው የለም፤ ጥፋታቸው መወደዳቸው ነው። በዚያው ዓመት እንደነሱ ከበሮ መቺ ማሽን ተከራይቶ፣ የአጎቱን ልጅ አዘፍኖ፣ አምስት መቶ ቅጂ አሳትሞ አራት መቶው ምድር ቤት የሻገተበት ሰው ግን ሊቅ ነው። ከሻጋታው ከተረፉት አንዷ ቅጂ በመቶዎች ዩሮ ትጠየቃለች። እሱ ከዚህ ገንዘብ አምስት ሣንቲም አይደርሰውም፤ ክብሩ ግን የእሱ ነው። ልጆቻችሁ ሙዚቀኛ እንሁን ካሏችሁ ሕዝብ የሚወደውን እንዳይሠሩ ከአሁኑ ምከሯቸው።

ማሽኖቹም ቢሆኑ ያው ናቸው። ሮላንድ ኩባንያ በ1981 ቲቢ-303 የተባለች ትንሽ የብር ቀለም ሣጥን አወጣ፤ ቤዝ ጊታር የሚመታለት ሰው ያጣ ጊታሪስት ብቻውን እንዲለማመድባት። ድምፅዋ ቤዝ ጊታርን አይመስልም፤ ምንንም አይመስልም። አሥር ሺህ ያህል ተሠርታ በ1984 ምርቷ ቆመ። ከዚያ የቺካጎ ልጆች ያገለገለችውን በርካሽ ገዝተው ቁልፎቿን እንደ ሕፃን ሲያጣምሙ ጮኸች፤ በ1987 የፊውቸር «አሲድ ትራክስ» ወጣና ዓለም ጨፈረ። ዛሬ የአንዷ ዋጋ በሺዎች ዶላር ነው። ዓላማዋን በትክክል ብትፈጽም ኖሮ ማን ያስታውሳት ነበር?

አሁን ወደ ዳግም ኅትመቱ እንግባ፤ እዚህ ጋ ነው ሞኝነት ጥበብ የሚሆነው። ብርቅዬው ሸክላ ውድ የሆነው ስለሌለ ነው፤ እንደገና ከታተመ ግን አለ፤ ካለ ደግሞ ብርቅ አይደለም። ይህን ቋጠሮ እንዴት ፈቱት? ዳግም ኅትመቱን ራሱን ብርቅ በማድረግ። ሦስት መቶ ቅጂ ብቻ፣ ወይን ጠጅ ቀለም፣ ቁጥሩ በእጅ የተጻፈበት። የመጀመሪያው ያመለጠው ይህኛው እንዳያመልጠው እኩለ ሌሊት ላይ ይነሣል፤ የመጀመሪያው ያለውም እንዳይበለጥ ይነሣል። በነገራችን ላይ ይህ ዘዴ ለእኛ አዲስ አይደለም። ንግሥት ቪክቶሪያ በ1898 ለዐፄ ምኒልክና ለእቴጌ ጣይቱ ድምፅዋን በሰም ጥቅልል ቀርጻ ስትልክ፣ ከተሰማ በኋላ እንዲሰበር አዝዛ ነበር፤ ተሰበረም። የቅጂ ብዛት፦ አንድ። ከዚያ ወዲህ የወጣው ሁሉ ጅምላ ነው።

አሳታሚው በመጀመሪያ ባለመብቱን ይፈልጋል። ኩባንያው ፈርሷል፤ ውሉ ጠፍቷል፤ አዘጋጁ ጡረታ ወጥቶ ወይን ይተክላል፤ ደውለው ያንን ዘፈን ሲያነሡበት ሊያሾፉበት የመጡ ይመስለዋል። ዋናው ቴፕስ? ብዙ ጊዜ ተጥሏል፣ ወይም ሌላ ነገር ተቀድቶበታል። ስለዚህ ከአንድ ሰብሳቢ ደህና የሚባል ሸክላ ይዋሳሉ፤ ይታጠባል፤ ወደ ኮምፒዩተር ይገለበጣል፤ የአርባ ዓመት ንጣጣው አንድ በአንድ ይለቀማል፤ የተለቀመው ተመልሶ በመቁረጫ መርፌ ላከር በተቀባ ሳህን ላይ ይቆረጣል፤ ሳህኑ ብር ይረጭበታል፣ በኒኬል ይለበጣል፤ ከኒኬሉ የወጣው ማኅተም ትኩስ ፕላስቲክ ይጨፈልቃል። ከሸክላ የተቀዳ ሸክላ። ያን ላከር የተቀባ ሳህን ደግሞ ለመላው ዓለም ይሠሩ የነበሩት ሁለት ፋብሪካዎች ነበሩ፤ አንዱ ጃፓን፣ አንዱ ካሊፎርኒያ። የካሊፎርኒያው በ2020 መጀመሪያ ተቃጠለ። በዚህ መሐል ያንኑ ዘፈን ስልክህ ላይ በነፃ ልትሰማው ትችል ነበር፤ ግን ምን ያኮራል?

የድምፁ «ሙቀት» የሚባል ነገርም አለ። የሸክላ ድምፅ ይሞቃል፣ የኮምፒዩተር ድምፅ ይበርዳል ይላሉ ሰብሳቢዎቹ፤ እነሱ ፊት ስለ ምድጃ እንጂ ስለ ሙዚቃ የሚወራ አይመስልም። በ2022 የአንድ አሜሪካዊ ኩባንያ፣ ከዋናው ቴፕ በቀጥታ የተቆረጡ ናቸው ተብለው በውድ ይሸጡ የነበሩ ሸክላዎች ለዓመታት በዲጂታል ፋይል በኩል ሲያልፉ እንደነበር ታወቀ። ያን ሁሉ ዘመን በሙቀታቸው ሲሟሟቁ የኖሩ ጆሮዎች በአንድ ሌሊት በረዳቸው። ሸክላዎቹ ግን ከቦታቸው አልተነቃነቁም፤ ድምፃቸውም እንደነበረ ነው።

ሰብሳቢዎቹ የራሳቸው አማርኛ አላቸው፤ እኛ ለመልመድ አንቸገርም። በደረጃ መዝገባቸው «በጣም ጥሩ» የተባለ ሸክላ ሲጫወት ምጣድ ላይ እንዳለ ሽምብራ ይንጣጣል። «ጥሩ» ከተባለ ደግሞ መርፌው ሳይዘል መጨረሻ መድረሱን አመስግን። አልጋ ላይ ወድቆ «ደህና ነኝ፣ ይመስገነው» የሚል ሕዝብ ይህ አይጠፋውም። ወዳጄ ሸክላ ሲገዛ ዘፈኑን አይጠይቅም፤ በባትሪ አጎንብሶ፣ ሙዚቃው ካለቀ በኋላ ባለው ባዶ ቀለበት ላይ የተጫረውን ቁጥር ያነባል። ዘፈኑ ካለቀ በኋላ ነው ለእሱ ነገሩ የሚጀምረው።

የማድነቄ ጥግ ግን ይህ ነው። በ2016 ቢቢሲ እንግሊዝ ውስጥ ባስጠናው ጥናት፣ በወሩ ሸክላ ከገዙት 48 በመቶው የገዙትን ገና አላጫወቱትም ነበር፤ ከሸክላ ገዢዎች 7 በመቶው ደግሞ ማጫወቻ አልነበራቸውም። እነዚህን ሰባቱን ነው እኔ የምሳለመው። ያለ ፈረስ ኮርቻ ገዝቶ ግድግዳ ላይ ሰቅሎ የሚያድር ሰው፣ ፈረሰኛው የማያውቀው ሰላም አለው። መርፌ አይደንዝበትም፣ ጎረቤት አያንኳኳበትም፣ ዘፈኑም መጥፎ ሆኖ አያሳዝነውም።

ስለ ዕውነት ከሆነ ግን አንድ ነውር አለ፤ መደበቅ አልችልም። ይህ ሞኝነት ጠቅሞ ያውቃል። የዋልያስ ባንድ የነበረው ኃይሉ መርጊያ በ1985 አሜሪካ ሆኖ፣ አኮርዲዮን፣ ኪቦርድና የከበሮ ማሽን ይዞ ብቻውን አንድ ካሴት ሠራ። ከዚያ ዓመታት ሄዱና ዋሽንግተን ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ታክሲ ይነዳ ጀመር፤ ተሳፋሪ ሲጠብቅ መኪናው ውስጥ ኪቦርዱን እያወጣ ይለማመድ ነበር። ብሪያን ሺምኮቪትዝ የተባለ አሜሪካዊ፣ ያው ከእነ ወዳጄ ወገን የሆነ ካሴት አሳዳጅ፣ ባሕር ዳር ውስጥ ካሴቱን አገኘ፤ በ2013 በሸክላ አወጣው። ኃይሉ ወደ መድረክ ተመለሰ፣ አውሮፓን ዞረ፣ በ2018 «ላላ በሉ» የተባለ አዲስ አልበም አወጣ። ዕውነተኛ ሞኝነት እንዲህ ያለ ውጤት ሊኖረው አይገባም ነበር። ወዳጄም ይህ ሲነሣበት ትንሽ ያፍራል።

አክስቱ ባለፈው በጋ ሊጠይቁት መጡ። የመረቁትን ቤት ፈልገው ፈልገው ሲያጡ መደርደሪያው ፊት ቆሙ። ከዴን ሃሮውና ከኬን ላስሎ መሐል ያችን የኃይሉን ሸክላ አወጡ፤ ከነላስቲኳ ነበረች።

«ይቺንማ አውቃታለሁ። ክፈታትና እንስማ።»

«እትዬ፣ ከተከፈተች ዋጋዋ ይወርዳል።»

አክስቱ ሸክላዋን መለሱ። ማድቤት ገብተው ሽንኩርት እየከተፉ ዜማውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንጎራጎሩት፤ አኮርዲዮኑንም፣ የማሽኑን ከበሮም በአፋቸው። ወዳጄ በሩ ላይ ቆሞ ሰማቸው።

«እንዴት እንዲህ ያውቁታል?»

«ካሴቱ ቤት አለ እኮ። ቴፑ ሲበላብኝ በእስክሪብቶ እያጠነጠንኩ ስንት ዓመት ሰማሁት። አሁን ልጆቹ የእሱን ሣጥን የት እንዳደረጉት እንጃ።»

ወዳጄ ፊቱ ተለዋወጠ። ስልኩን አውጥቶ ሰጣቸው።

«እትዬ፣ አሁኑኑ ይደውሉና ይንገሩልኝ፤ ማንም እንዳይነካው። ሽፋኑም አብሮ አለ?»