አባቱ ስላልታወቀው ሞተር

እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ በአውሮፓ ለጭቃና ለዳገት ውድድር የተሠሩ ሞተር ሳይክሎች ዛሬ ከየጎተራው ሲወጡ፣ ከሚያስነሷቸው ጥያቄዎች ሁሉ አድካሚው የሞተሩ ማንነት ነው። ዝገቱም፣ የደረቀው ቅባትም፣ የአይጧ ጎጆም በየቦታው ይገኛል፤ የሚጠፋው የፋብሪካው ስምና ቁጥር ብቻ ነው። ነገሩ ሌባን የሚያስጠረጥር ቢሆንም፣ ሌባው ከሚገባው በላይ ሳይታማ አልቀረም። በውድድር መሀል የተበጠሰ ሰንሰለት ተጠቅልሎ የሞተሩን ቤት፣ ማለትም ክራንክ ሻፍቱን አቅፎ የሚይዘውን የአሉሚኒየም ሣጥን ሲሰነጥቀው፣ በያጁ ስንጥቁን ደፍኖ በሞረድ ሲያስተካክል ቁጥሩንም አብሮ ይጠርገዋል። ቤቱ በአዲስ ከተለወጠ ደግሞ፣ በመለዋወጫነት የሚሸጠው ብዙውን ጊዜ ቁጥር ሳይመታበት ስለሚመጣ፣ ሞተሩ ከዚያ ቀን ጀምሮ ስም አልባ ሆኖ ይኖራል።

ዘር ቆጠራ ሲጀመር ቆጣሪው ሁሉ ወደ መኳንንቱ ወገን እንደሚያዘነብል የታወቀ ነው፤ የሞተር ባለቤትም ከዚህ ልማድ አይወጣም። በእጁ ያለው የእንግሊዝ ባለ ሁለት ምት ሞተር ከሆነ፣ ማለትም ፒስተኑ አንዴ ወጥቶ አንዴ ሲወርድ ሥራውን የሚጨርስ ዓይነት ከሆነ፣ ዴቭ ቢከርስ እ.ኤ.አ. በ1960 እና በ1961 በግሪቭስ ሞተር ሳይክል የአውሮፓን የ250 ሲሲ ሻምፒዮንነት ያገኘበት ነው ይባላል። የስፔን ሲሆን ደግሞ ሳሚ ሚለር እ.ኤ.አ. በ1965 በቡልታኮ ሼርፓ የስኮትላንድን የስድስት ቀን ውድድር ያሸነፈበት ይሆናል። ቢከርስ ባለቤቶቹ የሚመሰክሩለትን ሞተር ሁሉ ነድቶ ቢሆን ኖሮ፣ ለመወዳደር ቀርቶ ምሳ ለመብላትም ጊዜ ባላገኘ ነበር።

ይህን የስም ሽሚያ ያባባሰው የዎልቨርሃምፕተኑ የቪሊየርስ ፋብሪካ ነው። ፋብሪካው ሞተሩን እየሠራ ለግሪቭስ፣ ለኮተን፣ ለዶት፣ ለጄምስና ለፍራንሲስ ባርኔት ይሸጥ ስለነበር፣ ሻንሲው የማን እንደሆነ መታወቁ ስለ ሞተሩ ብዙም አይናገርም፤ ግሪቭስ ደግሞ በቪሊየርስ የታችኛው አካል ላይ የራሱን ሲሊንደርና ቴስታታ መግጠም በመጀመሩ፣ አንዱ ሞተር ከወገቡ በላይና ከወገቡ በታች የሁለት ቤት ልጅ ሆነ። ቪሊየርስ ለሣር ማጨጃም ሞተር ይሠራ ነበርና፣ በብዙ ክብር በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ለባለሙያ የቀረበ ሞተር ዕድሜውን ሣር ሲያጭድ የኖረ ሆኖ የመገኘቱ ዕድል ጠባብ አይደለም።

ሊደበቅ የማይችለው ልኬቱ ነው። የሞተር መጠን የሚሰላው የሲሊንደሩን ዲያሜትር በራሱ፣ ከዚያም በ0.7854፣ ከዚያም በፒስተኑ ጉዞ በማባዛት ሲሆን፣ የፒስተን ጉዞ የሚባለው ፒስተኑ ከታችኛው ጫፍ እስከ ላይኛው የሚሄደው ርቀት ነው። የቪሊየርስ 32ኤ፣ 34ኤ እና 36ኤ ሞተሮች ዲያሜትር 66፣ ጉዞ 72 ሚሊ ሜትር በመሆኑ ስሌቱ 246 ሲሲ ይሰጣል፤ ከዚያው ፋብሪካ ኋላ የመጣው ስታርሜከር ግን 68 በ68 ሆኖ 247 ሲሲ ይወጣዋል። ስለዚህ በሲሲ ብቻ የሚከራከር ሰው በአንዲት ሲሲ ላይ እድሜውን ይጨርሳል። ከሁለቱ ልኬቶች ይበልጥ የሚታመነው ጉዞው ነው፤ ሲሊንደሩ ባለቀ ቁጥር እየተሰረሰረ ሰፋ ያለ ፒስተን ስለሚገባበት ዲያሜትሩ ከዓመት ዓመት ይወፍራል፤ ጉዞውን የሚወስነው ግን ክራንክ ሻፍቱ ስለሆነ በሲሊንደር ሥራ አይለወጥም። ቴስታታውን ፈትቶ ፒስተኑን ከላይ እስከ ታች እያስኬዱ በካሊፐር መለካት በቂ ሲሆን፣ በካንዴላው ቀዳዳ እንጨት ሰድዶ መለካት ቀዳዳው ዘንበል ባለበት ሞተር ላይ ሐሰት ያናግራል። የባርሴሎናው የቡልታኮ ፑርሳንግ ዲያሜትር ደግሞ 72፣ ጉዞው 60 ሚሊ ሜትር ነው፤ እንግዲህ የትኛውን እንደለካ ሳይጽፍ «72 ሆኖ ተገኘ» የሚል ሰው ዎልቨርሃምፕተንን ከባርሴሎና አጋብቶ መሄዱ ነው።

ልኬትም የሚያቅተው ጊዜ አለ። እ.ኤ.አ. በ1968 የወጣው የጃፓኑ ያማሃ ዲቲ 1 እና የቼኮዝሎቫኪያው ሲዜድ 250 ሁለቱም 70 በ64 ናቸው፤ ነገር ግን ሲዜድ ማርሽ መቀየሪያውንና ማስነሻውን በአንድ መርገጫ ስላዋሐደ፣ ሁለተኛ መርገጫ ፍለጋ ሞተሩን የሚዞረው ሰው ባለማግኘቱ መልሱን ያገኛል። ብሎንም ይመሰክራል፤ የእንግሊዙ የዊትዎርዝ ብሎን የጥርሱ ማዕዘን 55 ዲግሪ፣ የሜትሪኩ 60 ነው። ፒስተኑን በሚሊ ሜትር የለካው ቪሊየርስ ብሎኑን በኢንች መቁረጡ የእንግሊዞች የራሳቸው ምስጢር ነው። ይሁን እንጂ ከባለቤቶቹ አንዱ ያለቀ ጥርስ ባገኘው ሜትሪክ ብሎን አስገድዶ አጥብቆ ሊሆን ስለሚችል፣ በአንድ ብሎን ምስክርነት ብቻ መፍረድ አይገባም።

እንዲህ ያለ ሞተር የገጠመው አንባቢ፣ ባለሙያ ዘንድ ከመሄዱ በፊት ሞተሩን በነዳጅ አጥቦ የፒስተኑን ጉዞ በወረቀት ቢይዝ መልካም ነው፤ የሻምፒዮኑን ስም ግን ልኬቱ እስኪጠናቀቅ ድረስ ባያነሳ ይመረጣል።