እምቢታ የሚቀርብበት ማዕድ፦ የጎረቤላ ወቅታዊ ምግብ ቤቶች ሲመረመሩ

ከ50 ዓመት ወዲህ በዓለም ትልልቅ ከተሞች አንድ የምግብ ቤት ዓይነት ገንኗል፤ ወቅታዊ ምግብ ቤት ይሉታል። መለያዎቹ አያደናግሩም። ወንበር ለማግኘት ከወራት በፊት መመዝገብ ግድ ነው። ገብቶ የተቀመጠ ሰው ያቀረቡለትን ይበላል እንጂ አያማርጥም። የሚቀርበውም ወቅቱ የሰጠው፣ ከአቅራቢያው ማሳና ጫካ የተገኘ ነው። ሳህኑ ሰፊ ነው፣ በላዩ ያለው ጥቂት ነው። ከወቅት ጋር የማይለዋወጠው ዋጋው ብቻ ነው። የዘርፉ እናት ተብለው የሚቆጠሩት አሊስ ዋተርስ ሼ ፓኒስ የተባለውን ቤታቸውን በካሊፎርኒያዋ በርክሊ የከፈቱት እ.ኤ.አ. በ1971 ነው። በኮፐንሃገን እ.ኤ.አ. በ2003 የተከፈተው ኖማ ደግሞ ከጊዜ በኋላ ዓመቱን ለሦስት ከፍሎ አንዱን ለባሕር ምግብ፣ አንዱን ለአትክልት፣ አንዱን ለአደንና ለጫካ ሰጥቷል። ባለጸጎች ይህን ለመቅመስ በአውሮፕላን ይጓዛሉ። የዚህ ጥናት መከራከሪያ አጭር ነው፤ አውሮፕላኑ የሚያርፈው የተሳሳተ ቦታ ነው። የወቅታዊ ማዕድ ጥበብ ተሟልቶ የሚገኘው ከደብረ ብርሃን በስተምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ በምትገኘው በጎረቤላ፣ የአንኮበር ወረዳ መቀመጫ በሆነችው ከተማ፣ በራቸው ላይ መጋረጃ በተንጠለጠለባቸው ምግብ ቤቶች ውስጥ ነው።

ነገሩን ከሥሩ ለመያዝ ወቅታዊ ምግብ ቤት የሚሸጠው ምን እንደሆነ መለየት ያስፈልጋል። ምግብ ነው የሚለው መልስ አያስኬድም፤ ምግብማ ርካሹም ቤት ይሸጣል። የሚሸጠው እምቢታ ነው። በትልቅ ከተማ የሚኖር ባለገንዘብ የፈለገውን በፈለገው ቀን ያገኛል። ቲማቲም በክረምትም በበጋም ከገበያ አይጠፋም፤ በግም በየትኛውም ወር ይታረድለታል። እንዲህ ላለው ሰው ብርቅ የሆነበት ነገር ቢኖር «የለም» መባል ነው። በቤቱ አይባልም፣ በመሥሪያ ቤቱ አይባልም። ስለዚህ ነጭ ጋዋን የለበሰ ባለሙያ ፊቱ ቆሞ በትሕትና እንዲከለክለው ይከፍላል። ይህ ከሆነ ደግሞ የአንድ ምግብ ቤት ወቅታዊነት መለካት ያለበት በሚያቀርበው ሳይሆን በሚነሣው ነው፤ ምን ያህል ይከለክላል፣ በስንት ቀን ይከለክላል፣ ሲከለክልስ ይቅርታ ይጠይቃል ወይስ አይጠይቅም?

በዚህ ሚዛን ጎረቤላን እንመዝን። ደንበኛው መጋረጃውን ገልጦ ይገባል፣ እጁን ይታጠባል፣ ይቀመጣል። የምግቡ ዝርዝር በቃል ነው። «ምን አለ?» ይላል። «ሁሉም አለ፣ ጋሼ» ትለዋለች አስተናጋጇ። «እንግዲያው ጥብስ አምጪልኝ።» «ኧረ ጋሼ፣ ዛሬ ረቡዕ አይደል እንዴ!» «ውይ፣ ረስቼው። በያይነቱ ይሁን።» «በያይነቱ አሁን ነው ያለቀው።» «ታዲያ ምን ቀረ?» «ሽሮ።» «ሽሮ ይሁን።» በዚህች ልውውጥ ውስጥ ኮፐንሃገን የሚደክምበት ሁሉ ተጠናቋል። መጀመሪያ የተትረፈረፈ ተስፋ ተሰጠ፣ ከዚያ ምርጫው በደረጃ ተነሣ፣ በመጨረሻ የምግብ ቤቱ ፈቃድ የደንበኛው ፈቃድ ሆነ። ልብ በሉ፣ ደንበኛው አልተቆጣም። እንዲያውም ጥፋተኛው እሱ ሆኖ ተገኘ፤ ቀኑን የረሳው እሱ ነውና። ባለ ኮከብ ምግብ ቤቶች ደንበኛቸውን እዚህ የትሕትና ደረጃ ላይ ለማድረስ ግማሽ ሌሊት ይፈጅባቸዋል፤ ያውም በሒሳብ ወረቀት እየታገዙ።

የክልከላው ብዛትም የሚናቅ አይደለም። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ሁዳዴ 55 ቀን ነው። የነቢያት ጾም ኅዳር 15 ገብቶ እስከ ገና ዋዜማ ይዘልቃል፤ ፍልሰታ ከነሐሴ 1 ጀምሮ ሁለት ሳምንት ይይዛል፤ ነነዌ 3 ቀን ናት። የሐዋርያት ጾም ደግሞ እንደ ዓመቱ ከ15 ቀን እስከ 49 ቀን ይደርሳል። ይህ የመጨረሻው ራሱን የቻለ ጥናት ይገባዋል፤ ርዝመቱ የሚወጣው በባሕረ ሐሳብ ነውና። ፀሐይንና ጨረቃን አስታርቆ የምግብ ዝርዝር የሚያወጣ ሼፍ በአውሮፓ እስካሁን አልተሰማም። በዚህ ሁሉ ላይ ከበዓለ ሃምሳ በቀር ረቡዕና ዓርብ ይጨመራሉ። ተራ ሳምንት ብንወስድ ማክሰኞ ፍስክ፣ ረቡዕ ጾም፣ ሐሙስ ፍስክ፣ ዓርብ ጾም፣ ቅዳሜ ፍስክ ነው። ኖማ በዓመት ሦስት ጊዜ ይለውጠው የነበረውን ጎረቤላ በሳምንት አራት ጊዜ ትገለብጠዋለች። ሼ ፓኒስ በየቀኑ ይለውጣል የሚል ተከራካሪ ቢነሣ እውነቱን ነው፤ ግን ነገ የሚቀርበውን የሚያውቀው ማዕድ ቤቱ ብቻ ነው። በጎረቤላ የሚመጣው ዓመት ሚያዝያ ላይ ምን እንደሚበላ ቄሱም፣ ሥጋ ሻጩም ያውቃሉ፤ በጉም ሳይጠረጥር አይቀርም። ከአንኮበር ቁልቁል ወደ አልዩ አምባ ሲወረድ ደግሞ ሌላ መቁጠሪያ ይጠብቃል። ረመዳን በጨረቃ ስለሚቆጠር በየዓመቱ 11 ቀን ገደማ እየቀደመ ወቅቶቹን ሁሉ ይዞራቸዋል። በ2017 ዓ.ም. ሁዳዴ የካቲት 17 ገባ፣ ረመዳን የካቲት 22 ተከተለ፤ ሁለቱ መቁጠሪያዎች በአንድ ወረዳ ጎን ለጎን ሲከለክሉ ሰነበቱ።

ጾምና ፍስክ ሁለት ብቻ ናቸው፣ ሁለት ደግሞ ወቅት አይባልም የሚል ይኖራል። ይህ ተቃውሞ የአንኮበርን ተዳፋት ካለማየት የመጣ ነው። ወረዳው ከውርጭ እስከ ቆላ ይወርዳል። ደጋው የገብስና የባቄላ አገር ነው፤ በበልግ ዝናብ የተዘራው ገብስ ክረምቱ ሲገባ ይደርሳል፣ የመኸሩ ደግሞ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ይታጨዳል። መስከረም ሲጠባ የባቄላ እሸት ይመጣል፤ ጥሬውን ቢሉት ይበላል፣ ቢጠብሱት ይበላል፣ ከጥቂት ሳምንት በኋላ ግን ጥርስ አያስገባም። ክረምቱን ሙሉ ቤቱን የያዘው ጎመን የሚሰናበተውም ያኔ ነው። «የጎመን ምንቸት ውጣ፣ የገንፎ ምንቸት ግባ» የሚለው በዚህ ጥናት ግምት የአገሪቱ ጥንታዊ የምግብ ዝርዝር ለውጥ ማስታወቂያ ነው፤ የአንዱን ምንቸት ስንብትና የሌላውን ቅጥር በአንድ ደብዳቤ ጨርሶታል። ጾሙም ቢሆን በራሱ ውስጥ ወቅት አለው። ሁዳዴ ሲገባ ስልጆ ይጀመራል። ሱፍ ተቆልቶ፣ ተወቅጦ፣ ውሃው ይጠለላል፤ የባቄላ ዱቄት በዚያ ውሃ እየተማሰለ ይበስላል። ሲቀዘቅዝ ሰናፍጭና ነጭ ሽንኩርት ገብቶበት፣ በማሰሮ ተከድኖ፣ ኮምጠጥ እስኪል ለቀናት ይቀመጣል። ክዳኑ ሲከፈት ሰናፍጩ ቀድሞ አፍንጫ ላይ ይወጣል፤ ምላስ ተራዋን ትጠብቃለች። የኖማ ሰዎች ስለ ማብላላት ጥበብ ዳጎስ ያለ መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ2018 አሳትመዋል። የስልጆ ባለሙያዎች አላሳተሙም፤ ማሰሮው አንብቡልኝ አላለም።

ጠንካራው ተቃውሞ ሌላ ነው። ጾም የሃይማኖት ሥርዓት ነው፣ ወቅት ግን የተፈጥሮ ነው፣ ሁለቱን ማቀላቀል ድፍረት ነው ይባላል። ጾሙ ለነፍስ እንደተሠራና ምግብ ቤቱ የሚደርሰው ጥላው ብቻ እንደሆነ አይካድም። የተፈጥሮን ነገር ካነሣን ደግሞ ማስረጃው አንድ ወጥ አይደለም። ፍልሰታ ጎተራ በሚሳሳበት በነሐሴ ይውላል፤ ሁዳዴ ሣሩ ደርቆ ላም ወተት በምትቀንስበት በበጋ ይውላል፤ እስከዚህ ድረስ የተፈጥሮ ደጋፊዎች ደስ ይላቸዋል። የነቢያት ጾም ግን እህሉ በሚታጨድበት፣ ላሟ ሣር በጠገበችበት፣ ቅቤው በበዛበት ሰሞን ይገባል። ንድፈ ሐሳቡ እዚህ ላይ እግሩን ይሰበራል። ነገር ግን መከራከሪያችን የሚጸናው በትክክል በዚህ ቦታ ነው። የሌለን ነገር የለም ማለት ድህነት ነው፤ ማንም ያደርገዋል። በሩ ላይ የሰባ በግ ታስሮ እያለ ውስጥ «ጥብስ የለም» ማለት ግን ሥልጠና ይጠይቃል። የከተማው ወቅታዊ ምግብ ቤትም እኮ እንጆሪ አጥቶ አይደለም፤ ሱፐርማርኬቱ ሁለት መንገድ ተሻግሮ ነው። ልዩነቱ እሱ ለእምቢታው ማስከፈሉ ነው። በጎረቤላ እምቢታው ነጻ ነው፣ የሽሮው ዋጋ ደግሞ ከጥብሱ ያነሰ ነው፤ ይህ ለዘርፉ ባለሀብቶች የሚያስደነግጥ የዋጋ ፖሊሲ መሆኑን እንረዳለን።

ስለ አገር በቀልነቱም ጥያቄ ይነሣል። ዘይቱ ከውጭ የመጣ ነው፣ ጤፉ ምናልባት የምንጃር ነው፣ ቡናውም በደጋ አይበቅልም። ከሁሉ በላይ ፓስታ አለ። እውነት ነው፣ ፓስታ አለ። ነገር ግን ኮፐንሃገንም ወይኑን ከፈረንሳይ ያስመጣል፤ ማንም ይህን አንሥቶ ሲከሰው አልተሰማም። ፓስታ በቲማቲም ስልስ ከቀረበ ረቡዕን ያከብራል፣ ዓርብን ያከብራል፣ ሁዳዴንም ሳያጉረመርም ይዘልቃል፤ እንዲህ ያለውን ስደተኛ ዜግነቱን መመርመር የዚህ ጥናት ሥራ አይደለም።

አለመምረጥ በአንኮበር የትናንት ፈሊጥ አይደለም። ከ1813 እስከ 1847 እ.ኤ.አ. ሸዋን የገዙት ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ መናገሻቸው እዚሁ ነበር፤ በሃሪስ የተመራው የእንግሊዝ ልዑክ እ.ኤ.አ. በ1841 የመጣውም ወደዚሁ ነው። በቤተ መንግሥት ሥርዓት እንግዳ ድርጎ ይሰፈርለታል እንጂ ምን ላምጣልህ አይባልም። ግብር ላይ የተጠራም ሰው በማዕረጉ ይቀመጣል፣ የደረሰውን ይበላል። ዛሬ ሼፉ የመረጠው ተብሎ በውድ የሚሸጠው ነገር ሥረ መሠረቱ ይኸው ነው፤ ልዩነቱ ያኔ ሒሳብ የሚከፍለው ጋባዡ መሆኑ ነው። አፄ ምኒልክ መናገሻውን ወደ እንጦጦ፣ ከዚያም በ1879 ዓ.ም. ወደተቆረቆረችው አዲስ አበባ ሲያዛውሩ ግብሩ አብሮ ሄደ። አንኮበር ላይ የቀረው እምቢታው ነው።

ታላቋ ከተማ በሄደላት ግብር ምን እንዳደረገች መመልከት ያሳዝናል። አዲስ አበባ ዛሬ የጾም ኬክ አላት፣ የጾም አይብ አላት፣ የጾም በርገር አላት፤ ማኪያቶው በአኩሪ አተር ወተት ይጾማል። በትልልቆቹ ሆቴሎች ቡፌው ለሁለት ተከፍሎ በስተቀኝ ጾም በስተግራ ፍስክ ይደረደራል፤ ሰው ሳህኑን ይዞ በሁለቱ ወቅቶች መካከል ይመላለሳል። ቅበላ ትርጉም የነበረው በማግሥቱ ሥጋ ስለሚጠፋ ነው፤ የማይጠፋ ከሆነ ያን ሁሉ ቁርጥ በአንድ ቀን መብላት ሆዳምነት ብቻ ሆኖ ይቀራል። ከሁሉ የሚገርመው ግን እዚያው ከተማ ውስጥ ወቅታዊነትን ከውጭ ተምረን እናምጣ የሚሉ ምግብ ቤቶች ብቅ ማለታቸው ነው። በአንድ እጅ የነበረውን ወቅት እያፈረሱ በሌላው እጅ አዲስ ወቅት በውጭ ምንዛሪ ማስገባት፣ በዚህ ጥናት አስተያየት፣ ሁለት ጊዜ መክሰር ነው።

ምግብ ቤቶችን በኮከብ የሚመዝነው የሚሽላን መመሪያ ኢትዮጵያን አይጨምርም። መመሪያውን እ.ኤ.አ. በ1900 ያወጣው የጎማ ኩባንያ ነው፤ ሰው ብዙ እንዲነዳ፣ ነድቶም ጎማውን እንዲጨርስ ታስቦ። ከጎረቤላ ወደ አልዩ አምባ ያለውን ቁልቁለት ቢያዩት ኖሮ የት ይቆዩ ነበር! እስኪመጡ ድረስ ወደ ጎረቤላ የሚሄድ አንባቢ አስቀድሞ መመዝገብ አያስፈልገውም። ከመነሣቱ በፊት ቀኑን ይመልከት። በሁዳዴ ከሆነ አጥባቂዎቹ የሚበሉት ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ መሆኑን ይወቅ። በፋሲካ ዕለት ግን ጨርሶ አይሂድ፤ ባለቤቶቹ ዶሮ ወጥ ሊበሉ ወደየቤታቸው ስለሚገቡ ምግብ ቤቱ ዝግ ነው።