የሥራ ልምድ፦ ቃሊቲ

ወንጀለኛ ተብሎ የተፈረደበት ሰው ለሥልጣን ይወዳደር ወይስ አይወዳደር የሚለው ክርክር ሌላውን ዓለም ገና አሁን ማነጋገሩ ይገርመኛል። በግንቦት 2016 የኒው ዮርክ ፍርድ ቤት ዶናልድ ትራምፕን በ34 ክሶች ጥፋተኛ አላቸው፤ በጥቅምት 2017 አሜሪካኖች መረጧቸው፤ ጉድ ተባለ። ጎረቤላ ላይ ግን ማንም ጉድ አላለም። እኛ የአንኮበር ሰዎች በዚህ ጉዳይ የቆየ ልምድ አለን፤ ማማከርም እንችላለን።

የሸዋ ነገሥታት ወንድሞቻቸውንና ዘመዶቻቸውን የሚያስሩበት ጎንቾ የሚባል ቦታ አንኮበር አጠገብ ነበራቸው። የታሳሪዎቹ ወንጀል አንድ ነው፤ መንገሥ ይችላሉ። ከዚያ ሌላ የተጻፈ ክስ የለም፣ የተቆጠረ ምስክር የለም፣ «መረጃ ለማጠናቀር» ተብሎ የተፈቀደ ተጨማሪ 14 ቀን የለም። በ1830ዎቹ አንኮበር የከረመው የእንግሊዝ መልእክተኛ ሐሪስ፣ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ እነዚህን ዘመዶቻቸውን ሲፈቱ እንዳየ ጽፏል። እንግዲህ የፈረንጅ እንግዳ እያየ የሚሰጥ ምሕረትም የተጀመረው እኛው ጋ ነው ማለት ነው።

የጎንቾን አሠራር የምወድለት ግልጽነቱን ነው። ዙፋኔን ልትይዝ ትችላለህና ግባ ይባላል፤ ሰውየውም ይገባል። በአደራ የተሰጠውን ገንዘብ በልቷል፣ ሕገ መንግሥቱን በኃይል ሊንድ ተነሥቷል እየተባለ ስሙ አይጠፋም። የልጅ ልጁ ሠፈር ውስጥ አንገቱን አይደፋም።

ዳግማዊ ምኒልክም ቢሆኑ ያመለጡ እስረኛ ነበሩ። በ1848 ዐፄ ቴዎድሮስ ሸዋን ሲይዙ በልጅነታቸው ተወሰዱ፤ በ1857 ከመቅደላ አምልጠው መጡ፤ ሸዋም አነገሣቸው። ያን ጊዜ ምርጫ ቦርድ ቢኖር «ከእስር የተለቀቁበት ማስረጃ» የሚለው ክፍት ቦታ ላይ ምን ይሞሉ እንደነበር እያሰብኩ አንዳንዴ እስቃለሁ።

ወደ ዘመናዊው ሥርዓት እንምጣ፤ እሱ ሕግ አለው። ሕጉ ደግሞ፣ ልቀልድበት ብፈልግም፣ መጥፎ አይደለም። በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 123 መሠረት ዳኛው ጥፋተኛውን ሲቀጣ የመምረጥና የመመረጥ መብቱን አብሮ ሊሽረው ይችላል። ለተወሰነ ዓመት መሻር አለ፤ ለከባዱ ቅጣት ደግሞ ለዘለቄታው። የምርጫ ሕጉም የሚጠይቀው መብቱ እንዲህ ያልተገደበ ዕጩ ነው። ዱላ የተማዘዘውና የመንግሥት ካዝና ያራቆተው በአንድ ሚዛን እንዳይቀመጡ ነገሩ ለዳኛው ተትቷል። ከዚህ የተሻለ ምን ይጻፋል? የቀረው ዳኛውን መተው ብቻ ነበር።

ዳኛዋን፣ ማለቴ ነው። የቀድሞው የመከላከያ ሚኒስትር አቶ ስዬ አብርሃ በ1993 ሕወሓት ሲሰነጠቅ ከተሸነፈው ወገን ሆኑና በሙስና ተከሰው ታሰሩ። ሙስናው ከስንጥቁ ጋር አንድ ላይ መታየቱ የአጋጣሚ ጉዳይ ነው። ዳኛ ብርቱካን ሚደቅሳ ዋስትና ፈቅደው ለቀቋቸው፤ ሰውየው ከፍርድ ቤቱ ሳይርቁ መልሰው ያዟቸው። ፍርድ ቤቱ በአንድ በር አስወጣ፣ ፖሊስ በሌላው አስገባ። ከስድስት ዓመት በኋላ አምስት ዓመት ተፈረደባቸውና በታሰሩት ታስቦላቸው ወጡ፤ እንዲያውም ትርፍ ታስረዋል።

በዚህ መሃል ዳኛዋ ራሳቸው እስረኛ ሆነዋል። ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ ከተቃዋሚው ቅንጅት መሪዎች ጋር ተከሰው ዕድሜ ልክ ተፈረደባቸው፤ በሐምሌ 1999 በይቅርታ ወጡ። ስዊድን ሄደው ስለ ይቅርታው የተናገሩት አልተወደደላቸውምና በታኅሣሥ 2001 ይቅርታው ተነጥቆ ተመለሱ። በዚያው ወር፣ በሙስና 18 ዓመት ተፈርዶባቸው የነበሩት የቀድሞው ጠቅላይ ሚኒስትር አቶ ታምራት ላይኔ ተፈቱ። አንዱ ሲወጣ አንዱ ይገባል፤ አልጋ ባዶ አያድርም። የግንቦት 2002 ምርጫ ወይዘሪት ብርቱካን ቃሊቲ እስር ቤት ሳሉ ተካሄደ፣ ተቆጠረ፣ ተጠናቀቀ። አቶ ስዬ በተቃዋሚው መድረክ ስም ተምቤን ላይ ተወዳደሩ፤ ተሸነፉ። ወይዘሪት ብርቱካን በመስከረም 2003 ተፈቱ፤ የሚቀጥለው ምርጫ ወደ አምስት ዓመት ይቀረው ነበርና ከዚያ በኋላ ማሰሩ ብክነት ነው።

አሁን ተቀመጡ። በኅዳር 2011 ይህችው ዕድሜ ልክ የተፈረደባት ሴት፣ የማን ዕጩነት ተቀባይነት እንዳለው የሚወስነው ምርጫ ቦርድ ሰብሳቢ ሆነች። (አንቺ ማለቴ ይቅርታ ይደረግልኝ፤ ሰው ሲደነቅ አንቱታ ይጠፋዋል።) ዓለም በሙሉ እስረኛ ይወዳደር ወይ እያለ ሲጨነቅ፣ እኛ እስረኛዋን ፈታኝ አደረግናቸው። ሌላው የቅንጅት መሪ ዶክተር ብርሃኑ ነጋም በ1999 የተፈቱ ናቸው፤ በታኅሣሥ 2002 ደግሞ በሌሉበት ሞት ተፈረደባቸው፤ በግንቦት 2010 መንግሥት ክሱን ተወው፤ በ2013 አዲስ አበባ ላይ ተወዳድረው ተሸነፉ፤ በመስከረም 2014 የትምህርት ሚኒስትር ሆኑ። ሕዝብ ያልሰጣቸውን ወንበር ሞት የፈረደባቸው ቤት ሰጣቸው። ለተማሪዎቻችን ከዚህ የበለጠ የጽናት ትምህርት ከየት ይመጣል?

ነገሩ የሚጣፍጠው በ2013 ነው። በሽብር 18 ዓመት ተፈርዶባቸው በየካቲት 2010 የተፈቱት ጋዜጠኛው አቶ እስክንድር ነጋ ባልደራስን መሥርተው ነበር፤ በሰኔ 2012 እንደገና ታሰሩ። ይህኛው ገና ክስ እንጂ ፍርድ አልነበረም። ፓርቲያቸው ከነባልደረቦቻቸው በዕጩነት ሲያቀርባቸው በቀድሞዋ እስረኛ የሚመራው ቦርድ አልመዘግብም አለ። ክርክሩ ሰበር ሰሚ ችሎት ደረሰ፤ ችሎቱም በግንቦት 2013 መዝግቡ አለ፤ ተመዘገቡ። ሰኔ 14 ቀን ሕዝብ ድምፅ ሲሰጥ ዕጩው እስር ቤት ነበሩ። ዕጩ አለ፣ ምልክት አለ፣ ቅስቀሳ የሚያደርግበት እግር ግን የለም። ወንበርም አላገኙም። ስድስት ወር ቆይቶ፣ ልክ በገና ዕለት፣ ክሱ ተነሣ። ያ ሁሉ የሽብር ማስረጃ የት እንደሄደ የጠየቀ አልነበረም፤ በገና ሰው ዶሮውን ነው የሚያስበው።

ስለዚህ የኔ ሐሳብ የተፈረደበት ይከልከል ከሚሉት ጋር አይደለም፤ ይፈቀድለት ከሚሉት ጋርም አይደለም። ግዴታ ይሁን። ለፓርላማ ዕጩ ቢያንስ ሁለት ዓመት ቃሊቲ፣ ለሚኒስትርነት ዕድሜ ልክ፣ ከዚያ በላይ ለሚያስብ በሌለበት የተፈረደ ሞት። እዚህ አገር ፍርድ መዝገቡ የሚናገረው ሰውየው ምን እንደወሰደ ሳይሆን ከማን ጋር እንደተጣላ ነው። ያልታሰረ ፖለቲከኛ ማለት ገና ከማንም ያልተጣላ ማለት ነው፤ እንዲህ ያለውን ሰው ምን ብለን እንምረጠው?

ያልታሰሩትንማ እናውቃቸዋለን። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል የሚለውን ተረት እንደ ሥራ መመሪያ የያዙት፣ ከወንጀል ነጻ ናቸው። የማዳበሪያ ተቀባዮች ዝርዝር ላይ የሞተ ገበሬ ስም የጻፈው ሰው ነጻ ነው። ግምገማ ላይ ይነሣበታል፤ «የአመለካከት ችግር ነበረብኝ» ብሎ ግለ ሂስ ያወርዳል፤ ወደ ሌላ ወረዳ ይዛወራል፤ እዚያም ማዳበሪያ አለ። ፋይሉ መሳቢያ ውስጥ ተኝቶ የሚጠብቀው ከበላዩ ጋር የሚጣላበትን ቀን ነው። እስከዚያ ድረስ አሻራው ንጹሕ ነው።

አሻራ ካልን፣ እዚህ ጎረቤላ የማውቀው አንድ ጎልማሳ አለ። በድንበር ጠብ ጎረቤቱን በዱላ ፈንክቶ ተፈርዶበት ደብረ ብርሃን ማረሚያ ቤት ከርሞ ወጣ። ማድረጉን ያን ጊዜም አልካደም። ሽማግሌ ገብቶ ታረቁ፣ ካሳ ከፈለ፤ የተፈነከተው ሰውዬ ራሱ በኋላ ልጁን ክርስትና አነሣለት። አንድ መሥሪያ ቤት የጥበቃ ሠራተኛ ፈልጎ ማስታወቂያ ሲለጥፍ ይኼ ጎልማሳ ዋሱን ይዞ ቀረበ። ከፖሊስ የአሻራ ማስረጃ አምጣ አሉት። ሄዶ አሥሩንም ጣቱን ቀለም አስነክሮ አተመ፤ ወረቀቱ እውነቱን ይዞ መጣ። አንድ የብረት በርና አንድ ፋኖስ ለመጠበቅ አትታመንም ተባለ።

ያጽናናሁት መስሎኝ የእነ ዶክተር ብርሃኑን ታሪክ ነገርኩት። «እና ጋሼ፣ እኔም ሚኒስትር ልሁን?» አለኝ። እሱ እንኳ አይሆንለትም። ያንተ ክስ እውነት ነው፣ አልኩት፤ እውነተኛ ክስ በገና ዕለት አይነሣም።