የጎዝ ቆጣሪዋ ወግ

በነርሲንግ ተመርቄ ቀዶ ጥገና ክፍል መመደቤን የሰፈራችን ሰው ሲሰማ ግማሹ መረቀኝ፣ ግማሹ ፈራኝ። ለእናቴማ በአንድ ጀንበር ሐኪም ሆኛለሁ። ቡና ሊጠጡ የመጡት እትዬ ስኒያቸውን አስቀምጠው፣ «እንግዲህ ሰው ስትቀድዱ ነው የምትውሉት?» አሉኝ። «ኧረ እኔ መሣሪያ አቀባይ ነኝ» ብላቸው አዘኑልኝ። «አይዞሽ፣ ቀስ እያልሽ ታድጊያለሽ።»

አቀባይነትም ቢሆን በዋዛ አይገኝም። በመጀመሪያ መታጠብ አለ። ከጣት ጫፍ እስከ ክርን ድረስ ጣት በጣት ይታሻል፤ ውሃው ከጣት ወደ ክርን ይወርዳል እንጂ ከክርን ወደ ጣት መመለስ የለም። ከዚያ እጅን ከወገብ በላይ ከፍ አድርጎ አቡነ ዘበሰማያት ሊደግም እንደተነሣ ሰው መቆም ነው። አፍንጫዬ ዕድሜውን ሙሉ ጨዋ ነበር፤ ጋውን ስለብስ ግን መታከክ ያምረዋል። ማን ሊያክለት!

ጓንቱን ግን አክብሬ ነው የማጠልቀው፤ ታሪኩ የነርስ ታሪክ ነውና። እ.ኤ.አ. በ1889 ገደማ ባልቲሞር በሚገኘው ጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል፣ ካሮላይን ሃምፕተን የምትባል የቀዶ ጥገና ነርስ እጇን የሜርኩሪ መድኃኒት እያቃጠለ ቢያስቸግራት፣ ቀዶ ሐኪሙ ዊልያም ሃልስቴድ ከጉድይር ኩባንያ የጎማ ጓንት አሠራላት። በ1890 አገባት። ለኔ ግን ስድስት ተኩል ስጠይቅ ስምንት ቁጥር ይመጣልኛል፤ የሚያገባም አብሮ አይመጣም።

ቀጥሎ የመሣሪያዎቹ ስም አለ። ኬሊ፣ ኮከር፣ አሊስ፣ ባብኮክ፤ የሐኪሞች ስም ነው። ኮከርማ እ.ኤ.አ. በ1909 ኖቤል የተሸለመ ስዊዘርላንዳዊ ነው። ይህን ሁሉ ሸምድጄ ብገባ፣ ትልቁ ዶክተር እጃቸውን ዘርግተው «ያንን!» አሉኝ። «የትኛውን ዶክተር?» «ያንን ነዋ!» «ያንን» የሚባል መሣሪያ በየትኛውም መጽሐፍ የለም። ነባሯ ሲስተር ግን ገና አፋቸውን ሳይከፍቱ ታቀብላቸዋለች። ምሥጢሩን ብጠይቃት፣ «እጃቸውን ትተሽ ቁስሉን እዪ» አለችኝ። ደም ከፈሰሰ መቆንጠጫ፣ ክር ከታሰረ መቀስ።

ይህ ሁሉ በልምድ ይመጣል። ድፍረት የሚጠይቀው ቆጠራው ነው። ሥራው ሳይጀመር፣ ሆድ ሳይዘጋ፣ መጨረሻም ላይ፣ ጎዙ (ደም መጥረጊያው ስስ ጨርቅ)፣ መርፌውና መሣሪያው ከራነሯ፣ ማለትም ዕቃ ከምታመላልሰው ነርስ ጋር ጮክ ተብሎ ይቆጠራል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 ያወጣው የቀዶ ጥገና ደኅንነት ማረጋገጫ ዝርዝር 19 ነጥቦች አሉት። ከመቅደድ በፊት ሁሉም ስሙንና ሥራውን ይናገራል፤ ለዓመታት አብረው የሠሩ ሰዎች ለኔ ሲሉ እንደገና ይተዋወቃሉ፤ የኔ ድምፅ ግን ከጭንብሉ አያልፍም። በዝርዝሩ መጨረሻ ክፍል ደግሞ ቆጠራው መሙላቱን በቃሏ የምታረጋግጠው ነርሷ ናት፤ ሐኪሙ አይደሉም።

አንድ ቀን ሁሉም ምሳውን እያሰበ፣ ዶክተሩ ሊዘጉ መርፌ ጨብጠው ሳለ አንድ ጎዝ ጎደለ። «ደግመሽ ቁጠሪ!» ቆጠርኩ፤ ጎደለ። ዐይን ሁሉ እኔ ላይ ዐረፈ። እሳቸውን ከማስቆም ጎዟን እኔው በዋጥኳት ብዬ ተመኘሁ። «አልሞላም ዶክተር» አልኩ። መርፌው ቆመ፤ ክፍሉ ተበረበረ። ጎዟ የዶክተሩ ጫማ ሥር ተጣብቃ ተገኘች። ይቅርታ የጠየቀኝ የለም፤ ዶክተሩ ግን ከዚያ ወዲህ «አንቺ ልጅ» ማለቱን ትተው በስሜ ይጠሩኛል።

እናንተም አዲስ የምትመደቡ፣ የኮከር ስም ቢጠፋችሁ ነባሯ ሲስተር አለችላችሁ። ቆጠራው ካልሞላ ግን ማንም ቢቆጣ «አልሞላም» በሉ። የሐኪም ቁጣ ከምሳ በኋላ ይበርዳል፤ ሆድ ውስጥ የቀረ ጎዝ ግን በሽተኛውን ዳግመኛ ጠረጴዛው ላይ ያስተኛዋል።