መንገድ መሪ መሣሪያ ለሚሸምት ሰው

ስለ አውቶሞቢሉ ፍሬንና ጎማ ከማሰቡ አስቀድሞ፣ በሳተላይት እየታገዘ መንገድ የሚመራውን መሣሪያ ለመምረጥ ከሱቅ ወደ ሱቅ የሚንከራተት የአዲስ አበባ ሰው፣ ትጋቱ የሚያስመሰግነው ቢሆንም፣ ገንዘቡን ከመቍጠሩ በፊት ጥቂት እንዲታገሥ በትሕትና እናሳስበዋለን። ሻጩ ስለ ሰማያቱ የሚተርክለት ሁሉ እውነት ነው፤ ከምድር 20,200 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው ከሚዞሩት ሰው ሠራሽ ከዋክብት ቢያንስ የአራቱ ምልክት ሲደርሰው፣ መሣሪያው ምልክቱ በጉዞ የፈጀውን ጊዜ አስልቶ መኪናዪቱ ያለችበትን ስፍራ በጥቂት ሜትር ስሕተት ያመለክታል፤ የአሜሪካ መንግሥት ለሲቪሉ ሰው በሚደርሰው ምልክት ላይ ሆን ብሎ ያደርገው የነበረውን ማዛባት በ1992 ዓ.ም. ካስቀረ ወዲህማ ጥበቡ እጅግ ቀንቷል።

ነገር ግን ሰማይ የሚያውቀው ያለንበትን እንጂ የምንሄድበትን አይደለም። የለቅሶ ቤቱ አድራሻ «ከሃያ ሁለት ማዞሪያ ገባ ብሎ፣ ድሮ ወፍጮ ቤት ከነበረው ፊት ለፊት፣ ቢጫው በር» ተብሎ የተነገረው ምስኪን፣ በስክሪኑ ላይ ምን ብሎ ይጻፍ? የፈረሰውስ ወፍጮ ቤት በየትኛው ካርታ ተመዝግቦ ይገኛል? በመሣሪያው ውስጥ የምትናገረው እመቤት «ወደ ቀኝ ይታጠፉ» ብላ ስታዝዝ፣ ቀኙ ለቧንቧ ተቆፍሮ ቢገኝ እንኳ፣ እንደ አረጋዊ የነፍስ አባት ሳትቆጣ ትእዛዟን ትደግመዋለች፤ ይህ ትዕግሥቷ ብቻውን፣ እውነቱን ለመናገር፣ ግማሽ ዋጋዋን ያወጣል።

ገዢ ሆይ፣ ስክሪኑ የሰፋውን ትተህ ካርታው በነጻ የሚታደሰውን ምረጥ፤ የተረፈህንም ገንዘብ ለስልክህ ካርድ አውለው፣ ማዞሪያው ላይ ስትደርስ ደውለህ መጠየቅህ አይቀርምና።